ብር ወንዝ የወሰዳት ሞተር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሞልቷል። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅላ የምትጠጣውን አሮጌዋን ቱ ስትሮክ ግን ከዳኘው በቀር የሚያውቅላት የለም። ዘይቱ ካነሳት ፒስተኗ ይጣበቃል፣ ከበዛባት ማርሚታዋ በጥላሸት ይታፈናል። የዘንድሮ ልጆች ይህን ማን ይታገሳል!

ስለዚህ ደስታው የተባለ የቡሬ እህል ነጋዴ አንዲት ቀይ አሮጌ ሞተር በአይሱዙ ጭኖ ሲመጣለት፣ ዳኘው ደስ ብሎት ተነሳ። ዳገት አልወጣ ብላለች አለው። ዳኘው አስነስቶ ጥቂት ካዳመጣት በኋላ የሲሊንደሯን ክዳን፣ ቴስታታዋን ፈታ፣ ፒስተኗን አውጥቶ አገላበጠ። እጁ እዚያው ቀጥ አለ።

የፒስተኗ ቀለበት፣ ፋሻዋ እንዳትዞር የምትይዘው ትንሿ ካስማ የፋብሪካ አልነበረችም። ከብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ከራጂ ተቆርጣ፣ ዙሪያዋ ሦስት ቦታ በምስማር ጫፍ ተመትቷል። ይህን ያደረገው ራሱ ዳኘው ነው። የገዛ እጁን ሥራ እንዴት ይስታል?

ሞተሯ የጌታሁን ነበረች፤ የሥራ ባልንጀራው የነበረው፣ የያምሮት ባል። የዛሬ ስምንት ዓመት በነሐሴ፣ ጃኬቱ ብቻ ብር ወንዝ ዳር ተገኘ። ሰውየውንም ሞተሩንም ጎርፍ ወሰዳቸው ተባለ፤ አስከሬን ስላልተገኘ በልብሱ ተለቀሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያምሮትን ዳኘው አገባት። አንዲት ሴት ልጅም ወልደዋል።

ከወንዙ ያወጣት ሰው ይኖራል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ግን ጥፋቷ ያረጀ ፋሻ ብቻ ነው። ቴስታታዋ ተፍቆ ጸድቷል፣ ካንዴላዋ የሚያምር ቡናማ ነው፣ ማርሚታዋ በየጊዜው ሲጠረግ ኖሯል። ጌታሁን ለሚስቱ ያልነበረውን ትዕግሥት ለዚህች ብረት ነበረው።

«ከማን ገዛሃት?» አለው ደስታውን።

«ዱርቤቴ፣ ከባለቤቷ ነዋ። ጌታሁን ይባላል። ዓይኑ ደክሞበት እንጂ አይሸጣትም ነበር፣ ሲያስረክበኝ እንባው መጣ። ምነው ጋሽ ዳኘው፣ አመመዎ እንዴ?»

ዳኘው ፒስተኗን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ባሏ በሕይወት ካለ ያምሮት የማን ሚስት ናት? ልጁስ ምን ልትባል ነው? ቢደብቃት ግፍ ነው፣ ቢነግራት ቤቱ መፍረሱ ነው።

ያምሮትን ግቢው ውስጥ የሥራ ቱታውን እያጠበች አገኛት።

«የጌታሁን ሞተር ዛሬ እኔ ጋ መጣች» አላት። «የገዛት ሰው ነገረኝ። ጌታሁን አልሞተም፣ ዱርቤቴ አለ።»

እጇን አላቆመችም። የቅባቱን ቦታ ሳሙና ደገመችበትና፣ «አውቃለሁ» አለች።

ዳኘው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«በተጋባን በዓመቱ መጥቶ ነበር፣ አንተ ዕቃ ልትገዛ ቡሬ ሄደህ። በር ላይ ቆሞ ማሪኝ፣ ልመለስ አለኝ። አልቅሼ የቀበርሁትን ሰው አላስገባም ብዬ ዘጋሁበት።»

«አምና ታዲያ ያን ሁሉ ካህን ጠርተሽ፣ የሰባት ዓመት ተዝካሩን ደግሰሽ… እኔ በሬውን ነድቼ አምጥቼ፣ እንደ ሕፃን ያለቀስሁት ለማን ነው?»

ያኔ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ሐፍረት ፈልጎ አጣ።

«ሞቶ እንዲቀር ነዋ» አለች። «አገር ሁሉ ተዝካሩን ከበላ በኋላ በየት በኩል ይመጣል?»

በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት አስደርጋ፣ ያን ዕለትም ዳኘው አጠገብ ሰላም ተኝታለች። እሱን ይህን ያህል የምትወደው መሆኑን አያውቅም ነበር። ይህን ያህል ሊፈራት እንደሚችልም አያውቅም ነበር። ሁለቱ ባንድ ጊዜ መጡበትና ቆሞ ቀረ።

«የገዛትን ሰው አታቁመው፣ ሞተሯን ቶሎ ሠርተህ ሸኘው» አለችው ቱታውን እየጨመቀች። «እዚህ ሰፈር አትዋል።»

ዳኘውም እሺ ብሎ ሄደ።