የዓሣ ባልዲ ቢራ

ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት ገላውን የሚታጠበው ከአንድ እጅ ጋር እየተፋጠጠ ነበር። እጁ ቢጫ የጎማ ጓንት ነው። ከገላ መታጠቢያው ጎን የተቀመጠ ባልዲ አፍ ላይ ታስሮ፣ ከሥር በሚወጣው አየር ተነፍቶ፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ይቆማል። ባልዲው ውስጥ ቢራ እየፈላ ነው። ባልዲው ወደ ቢራ ሥራ ከመዛወሩ በፊት አንድ ምግብ ቤት ጓሮ በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ ይቀመጥበት ነበር። ደጋግሞ ታጥቧል፤ ዓሣው ግን ገና አልለቀቀም።

ጠማቂው የሹፌሩ የአክስት ልጅ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ቁጠባ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ይዞታል። በአንድ ትልቅ ሱቅ መጋዘን ዕቃ ደርዳሪ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች የሚሸጠውን ጥቅል፣ ማለትም የብቅል ሽሮፑን ቆርቆሮና የእርሾውን ከረጢት፣ ጊዜው ሲያልፍበት በርካሽ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የራሱ ፈጠራ ነው። ስኳሩን ከካፌ ጠረጴዛ ላይ በኪሱ ያመጣል። ጠርሙሱን ከመንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ይለቅማል፤ የሲጋራ ቁራጭ ካለበት በሽቦ እየጎረጎረ ያወጣና «ይኼ እኮ አዲስ ቢገዛ ስንት ነው?» ይላል። የጀርም ማጥፊያ ዱቄት አይገዛም። «የፈላ ውሃ ምን አነሰው?» ይላል፤ ውሃውን ለማፍላት ደግሞ ኤሌክትሪኩ ያሳዝነዋል። እርሾም አንዴ ከገዛ ወዲህ አልደገመም። ከባልዲው ሥር የሚቀረውን አተላ በማርማላታ ብልቃጥ እየሞላ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤው አጠገብ ይደረድራል።

ከሁሉ የከፋው ቱቦው ነው። ቢራውን ወደ ጠርሙስ ለማውረድ ጫፉን በአፉ ይስባል። ያ አፍ ሁለት ጥርስ የወለቀበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ልውለቅ አልውለቅ እያለ የሚያመነታበት አፍ ነው። የመጀመሪያውን ጉንጭ ግማሹን ይውጥና ግማሹን «እንዳይባክን» ብሎ ወደ ባልዲው ይመልሰዋል።

ሹፌሩ ይህን ሁሉ እያየ ይጠጣል። ምን ያድርግ? እዚህ አገር ሲመጣ አልጋውን ለቆለት ወለል ላይ የተኛ ዘመዱ ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድቶለት ዓይን ዓይኑን እያየ «እንዴት ነው?» ሲለው፣ በአፉ ውስጥ ያለው ነገር በአሮጌ ካልሲ የተጠለለ ውሃ ይመስል ነበር።

«ግሩም ነው!» አለ ሹፌሩ።

በማግስቱ ሁለተኛ ባልዲ መጣ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ አገር ቤት የቀረችው የሹፌሩ ሚስት የመግቢያ ወረቀቷ ተሟልቶ አለቀ። ልብስ ሰፊ ነች፤ የተጣመመ ስፌት ካየች እህል አይወርድላትም። ሹፌሩን እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ቤት አይታ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ መጣችበት እንዳትመለስ። በስልክ «ቤቱ ንጹሕ ነው አይደል?» ባለችው ቁጥር «ያበራል» ሲላት ከርሟል።

እንደምንም ብሎ ዘመዱን አናገረው።

«ጋሼ፣ ይኼ ባልዲ… እሷ እስክትለምድ ድረስ… ለጊዜው ማለቴ ነው…»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ቁጠባ። «ለሷ የሚሆን ለብቻው እጠምቃለሁ።»

የመጣች ቀን ሹፌሩ በዳቦ ማመላለሻ መኪናው ተቀበላት። መንገድ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጋሼ ቢራ ይሰጥሻል። ቅመሺና ግሩም ነው በዪ።»

«ግሩም ካልሆነስ?»

«ግሩም ነው በዪ።»

እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ቁጠባ ክራቫት አስሮ ነበር የጠበቃቸው። ስሞ ስሞ ሲያበቃ ቀዳላት። ቢራው የጉንፋን ንፍጥ መልክ አለው፤ መሐሉ ላይ ስሙ የማይታወቅ ነገር ቀስ እያለ ይዞራል። ተጎነጨች። ከዚያ ናፕኪን አነሳች፣ ተፋችበት፣ ናፕኪኑን እንደ መሐረብ ለአራት አጠፈችና ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኼ ነገር ከሞተ ቆይቷል።»

የሹፌሩ ጆሮ ጋለ። ቁጠባ ክራቫቱን ፈታ።

«እፎይ!» አለ። «ተመስገን! እኔም እኮ ያቅለሸልሸኛል።»

«ምን?» አለ ሹፌሩ።

«ምን ትለኛለህ? የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ቀምሼ ባልዲውን ልደፋው ነበር። አንተ ግሩም ነው አልክ። ልጁ ከወደደው ምን አደርጋለሁ፣ ብቻውንም አይጠጣም ብዬ ይኸው አንጀቴ እስኪገለበጥ አብሬህ ስጠጣ ከረምኩ! ጠርሙስ ስጎረጉር ጎረቤት አይቶኝ ሳንቲም መጽውቶኛል፣ ታውቃለህ?»

«ተቀበሉት?» አለች ሚስት።

«ታዲያ ልመልስለት ነው?» አለና ወደ እሷ ዞረ። «እህቴ፣ ቱቦውን በአፌ ስስብ እኮ አጠገቤ ቆሞ እያየ ነው!»

ሚስት ብርጭቆውን ያየችበትን ዓይን ወደ ባሏ አዞረችው።

«አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ጠጣኸው?»

«ጠጣሁት።»

«ግሩም ነውም አልክ።»

«ይሉኝታ ይዞኝ…»

«በስልክ ድምፅሽ ናፈቀኝ ስትለኝ የነበረውስ?»

«እሱ እውነት ነው!»

«ግሩም ነው በላት!» አለ ቁጠባ፤ ያ የሚያመነታ ጥርሱ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቤት ይታጠባል» አለች። «ቤት አይደለም እኔን የሚያስመልሰኝ። አንተ ግን…» ብላ ተወችው።

ባልዲዎቹን እሷና ቁጠባ ግራና ቀኝ እየያዙ ሽንት ቤት ደፏቸው። ሽታው ከዓሣ ተነስቶ በእርሾ በኩል አድርጎ ስም ወደሌለው ቦታ ደረሰ። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድም የሚረባ ነገር ሳይዝ፣ አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ያያል። ብልቃጦቹንም ወደ ቆሻሻ ስትጥላቸው አንዱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተፋ። «ይኼም ግሩም ነው?» አለችው ዞር ሳትል።

ከዚያ እጇን ደጋግማ በሳሙና ታጥባ እንቁላል በሽንኩርት ጠበሰች። መጀመሪያ ለሹፌሩ አቀረበችለት። ጎረሰ። ሁለቱም እጃቸውን ሰብስበው አፉን ያያሉ።

እንቁላሉ ጥሩ ነበር። የእውነት ጥሩ፤ ሽንኩርቱ በስሏል፣ ጨዉ ልክ ነው። ግን ከእሱ አፍ «ጥሩ ነው» ቢወጣ ማን ያምነዋል? እያኘከ አሰበ፤ ላብ አላበው። እንዲያምኑት አንድ እንከን ያስፈልገዋል።

«ትንሽ ጨው በዝቶበታል» አለ።

ሚስቱ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች። ቁጠባም ቀመሰ።

«ምንም አልበዛበትም» አለ ቁጠባ።

እሷ ሳህኑን ከባሏ ፊት አነሳችና ወደ ቁጠባ ገፋችው።

«ይብሉ ጋሼ።»