ክሬም የለበሰው ትራም

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በር ላይ የቆምሽውም ግቢ፣ ነፋስ ይመታሻል። የነግላን ነገር ላውራችሁ።

ነግላ እስክንድርያ ውስጥ፣ ከትራሙ ሐዲድ ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ቤት ነበር የምትኖረው። ከታቿ አማቷ ሐጃ ፈውዚያ፣ ከላይዋ የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ዊዳድ፣ ከሁሉም በላይ ጣራው ላይ የሐጃ ርግቦች።

ባለፈው ዓመት ነግላ ለልጇ ለሻዲ አንደኛ ዓመት ልደት በገዛ እጇ ኬክ ጋግራ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ካንድ ጎኑ ሰመጠባት። ዊዳድ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ «ውይ! ይሄ ኬክ ነው ወይስ የተንበረከከ ግመል?» አለችና አስቀድማ ከሱቅ ያስመጣችውን ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ አወጣች። ሻማው የተለኮሰው በዚያ ላይ፣ ፎቶው የተነሳው ከዚያ ጋር ሆነ። የነግላን ኬክ ዊዳድ ራሷ ጣራ ወጥታ ለርግቦቹ በተነችው፤ «እነሱም ካልናቁት» እያለች።

ነግላ አብራ ሳቀች። ጥርሷ ነው የሳቀው፤ ሆዷማ ቂሙን ቋጥሮ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ኬክ መጋገር ተለማመደች። እንቁላል በመታች ቁጥር የዊዳድ ፊት ይመጣባታል፤ ያኔ ጠበቅ አድርጋ ትመታዋለች። ኬኳም ለዚህ ይሆናል እንዲያ የሚነፋው።

የዊዳድ ልጅ ሹሩቅ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ «ኬኬ ትራም ካልሆነ አልፈልግም!» ብላ ድርቅ አለች። ሐጃ ፈውዚያም፣ «ነግላ ትሥራላት፤ አሁን እጇ ሰልቷል» ብለው ፈረዱ። ዊዳድ ሳትወድ በግድ ወደ ነግላ ቤት ወረደች።

«ብቻ እንዳይንበረከክ» አለች።

«አይዞሽ እትዬ ዊዳድ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

በዚያ ቤት ባለ ልደት ልጅ ኬኩን ትቆርስና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእናቷ ታጎርሳለች። ሴቶቹ እልል የሚሉት ያኔ ነው። ነግላ ዓይኗን የጣለችው በዚህች ጉርሻ ላይ ነበር።

ሹሩቅን ወጥ ቤት አስገብታ በርጩማ ላይ አቆመቻት። ኬኩን እንደ ትራም ፉርጎ ቆርጣ ሰማያዊ ክሬም ቀባችው። ሹሩቅ ክብ ብስኩቶቹን በጎማ ቦታ ለጠፈች፣ ማንኪያውን ላሰች፣ አፍንጫዋ ሳይቀር ሰማያዊ ሆነ።

«የኔ ማር፣ ይህን ትራም ማን ሠራው?»

«አንቺ፣ አክስቴ!»

«እንግዲያው የመጀመሪያዋ ጉርሻ የማን ናት?»

ልጅቱ አሰብ አደረገች። «ያንቺ?»

«ጎበዝ። ለእማማ እንዳትነግሪ፣ ምስጢራችን ነው።»

በልደቱ ቀን ትራሙ ሐጃ ቤት ሲገባ ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። መስኮት አለው፣ መብራት አለው፣ ከሰሊጥ ከረሜላ የተሠራ ሐዲድ አለው። ሹሩቅ ሻማዋን እፍ አለች፣ ጥጉን ቆረሰች። ዊዳድ አፏን ከፍታ ጎንበስ አለች፤ እህቷ በስልክ ልትቀርጽ ተዘጋጅታለች። ልጅቱ እናቷን አልፋ ሄደችና ነግላን አጎረሰቻት።

ነግላ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች። «አይክፋሽ እትዬ ዊዳድ፣ ላንቺ ርግቦቹ ያስተርፉልሻል!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዊዳድ አፏን ገጥማ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ነግላ ስትናፍቀው የከረመችው ይህንኑ ነበር፣ ጠገበችው።

ሹሩቅ ግን እናቷን አየች። ክሬም የነካውን እጇን እንደዘረጋች፣ «አክስቴ፣ አንቺ እንዳልሽኝ አደረግኩ አይደል? እማማ ለምን ታለቅሳለች?» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዊዳድ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ወጣች። ሴቶቹም አንድ በአንድ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ ሄዱ። ትራሙ ጥጉ ብቻ ተቆርሶ ቀረ።

ሐጃ ፈውዚያ፣ «በይ ነግላ፣ ለርግቦቹ ውሰጂላቸው» አሉ። «ራስሽ ነሽ የምትወስጂው።»

ነግላ ትሪውን ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። በዊዳድ በር ስታልፍ ከውስጥ የሹሩቅን የለቅሶ ድምፅ ሰማች፦ «ትራሜስ፣ እማ? ትራሜስ?»

ነግላ ልታንኳኳ ፈለገች፤ ሁለቱም እጇ ትሪውን ይዟል። ወደ ጣራው ወጣች።

ልጆቼ፣ አደራ፣ ቂም ሆዳችሁን ሲነፋው ያቺን «ትራሜስ?» ያለች ድምፅ አስታውሱልኝ።