በእጁ ስለት ነበር

«በእጁ ስለት ነበር። እሱም ባዶ እጁን አልነበረም።»

ባለሱቋ ይህን የምትለው ስኳር እየመዘነች ነው። ዘይት ሊገዛ ለመጣው ትነግረዋለች፤ ሳሙና ለገዛው ትመርቅለታለች፤ ምንም ያልገዛውንም መንገድ ላይ አስቁማ ታካፍለዋለች። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ስሙ ግን ያንሳታል፤ ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ሲያልቅ ያርፋል።

በእጁ ስለት ነበር የተባለው ልጅ ከሱቁ ማዶ፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሞባይል የሚጠግን የሃያ ዓመት ወጣት ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷንም ሰፈሩ አልማራትም፤ «መርፌ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። በሥራዋ ነው ይባላል እንጂ በምላሷ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ወንድሟን ያሳደገችው በአንዲት ስፌት መኪና ነው። ስለዚህ ስሙ በክፉ ሲነሳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችውን ልብስ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ የሚተረትረው ይመስላታል።

የሆነው ይህ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎች ኪዮስኩ ፊት ለፊት ተያያዙ። አንዱ ቢላ መዘዘ። ወንድሟ የሰው ስልክ ከፍቶ እየሠራ ነበርና ካቻቢቴውን በግራ እጁ እንደያዘ ዘሎ ወጣ። ቢላው የሌላውን ልጅ ሆድ ሊያገኝ አንድ ስንዝር ሲቀረው በቀኝ እጁ ያዘው። የያዘው ታዲያ እጀታውን አይደለም፤ ስለቱን ነው። ቢላ የመዘዘው ልጅ ሮጠ፤ ማታውኑ ተያዘ። ሊወጋ የነበረው ልጅ ወደ ቤቱ ሮጠ። የቆመው ወንድሟ ብቻ ነበር፤ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን እንደሚያይ ሰው።

ድንገተኛ ክፍል ሰፍተው በፋሻ ጠቀለሉት። የሰፋው ሐኪም፣ «ቆዳውን ዘግተነዋል። ውስጡ ያለው ነርቭ ግን ትልቁ ሆስፒታል ያለችውን የእጅ ሐኪም ይፈልጋል። ከሦስት ሳምንት አይለፍ፤ ካለፈ ጣቶቹ ላይመለሱ ይችላሉ» አለ። መርፌ ለመረዳት ሁለተኛ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከላይ ያማረ፣ ገበሩ የተቀደደ ኮት ስንቱን ሰፍታለች።

በማግስቱ ጠዋት የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ብርቱካን ይዘው መጡ። ኮሚቴው የወጣቶች ሰላምና የተጎጂዎች ድጋፍ ኮሚቴ ይባላል፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሲናገሩ አሁንም ሰልፍ ፊት የቆሙ ይመስላሉ።

«ልጄ፣ ሮጣችሁ እንዳትሄዱ» አሏት። «ትልቁ ሆስፒታል ያለ እኛ ደብዳቤ አይነካችሁም። ደብዳቤው ካለ በነፃ ነው። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አንዴ ከፋይ ተብላችሁ ከተመዘገባችሁ ግን አይፋቅም።»

«ደብዳቤው መቼ ይጻፋል ጋሼ?»

«ኮሚቴው በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይሰበሰባል። ጊዜ አለን።»

አመነቻቸው። እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ አመሰገነቻቸው። ይህን ምስጋና በኋላ ስታስታውስ ነው ከሁሉ ይበልጥ አንጀቷ የሚያርረው።

ሐሙስ ዘጠነኛው ቀን ነበር። የኮሚቴው ቢሮ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እስከ መስኮቱ የተቆለለ ቲሸርት አለበት። ደረቱ ላይ «ሰላም በእጃችን» የሚል ታትሟል። መርፌ ከልማድ የአንገቱን ስፌት አየች፤ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ የሚፈታ ነው። ከራሳቸው በላይ የተሰቀለውን ባነር ግን አላየችም፤ ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ የሰፈር ልጅ ተወግቶ ሲሞትና ኮሚቴው ሲቋቋም፣ አልቅሳ በነፃ የሰፋችው እሷ ናት።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ሰምተናል።»

«ከማን?»

«ከሰፈር ነዋ።»

«ሰፈር አፍ የለውም ጋሼ። አፍ ያለውን ሰው ይንገሩኝ።»

«በእጁ ስለት ነበር ይባላል።»

«በእጁ የነበረው ካቻቢቴ ነው። ሞባይል የሚጠግን ሰው ካቻቢቴ ካልያዘ ማንኪያ ይያዝ?»

አንዱ አባል ሻዩ ትን አለው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ግን ፊቷን አልፈታችም። «የሾለ ነገር ነው አይደል ታዲያ?»

«የእኔም መርፌ የሾለ ነው። ቀሚስሽን ባለፈው ወር ሳሰፋልሽ ፖሊስ አልጠራሽም።»

«እህቴ፣ አትቆጪ» አለ ጸሐፊው። «መመሪያችን ንጹሕ ተጎጂ ነው የሚለው። በጠቡ ውስጥ እጁ የሌለበት።»

«እጁማ ነበረበት። እጁን ከትቶ ነው የሰው ልጅ ያተረፈው። እጁን ኪሱ ከትቶ ቢያይ ኖሮ ንጹሕ ይሆንላችሁ ነበር፤ እናንተም አሁን ለቀስተኛ ተቀብላችሁ ሌላ ባነር ታሰፉኝ ነበር።»

ፔርሙዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ምላሰኛ ሴት እስክታልፍ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አነሱና፣ «ይጣራ» አሉ። ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠረ።

የሚያጣራው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ማንም አልተመደበም። ስለዚህ ራሷ ልታጣራ ከቢሮው በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ሱቅ ሄደች።

«እትዬ፣ ስለቱን በዓይንዎ አይተዋል?»

«እኔ ክፉ ብዬ መሰለሽ? የተባለውን ነው ያልኩት።»

«ማን አለ?»

«ሰዉ ሁሉ።»

«ሰዉ ሁሉማ ከእርስዎ ነው የሰማው። እርስዎ ከማን ሰሙ?»

ሬዲዮ ሚዛኗን በጨርቅ ወለወለች፤ ንጹሕ ነበር። «የሚያብለጨልጭ ነገር በእጁ አይቻለሁ። ይኸው።»

«የሚያብለጨልጭ ሁሉ ስለት ከሆነ፣ የወርቅ ጥርስዎም ይታሰር።»

ስኳር ሊገዛ የቆመው ሰው ሳቀ። ሬዲዮ አልሳቀችም። ያን ቀን ማታ ወሬው ጅራት አወጣ፤ «በእጁ ስለት ነበር፤ እህቱም ሰው ታስፈራራለች።» የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እውነት ነው፤ ያልተነገረው ግን፣ ምሳሩን የሚስሉት ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡት መሆናቸው ነው።

ቤት ስትመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቃት። የወንድሟ ጓደኞች አራት ሆነው ስፌት ክፍሏን ሞልተውታል። ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የስልክ ብሎን በቀኝ እጁ ጣቶች ለማንሳት ይታገላል። ያነሳዋል፤ ይወድቃል።

«እቴ፣ አንቺ አትግቢበት» አላት ረጅሙ። ከጓደኞቹ ሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። «የወጋው ቢታሰርም ታላቅ ወንድሙ ማዞሪያው ላይ እየሳቀ ይውላል። እኛም እጁን ቆርጠን እናስይዘዋለን።»

መርፌ አልጮኸችም። በሩን በቁልፍ ዘጋችና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። «ቀጥ ብለህ ቁም።»

«ለምን?»

«ቁም አልኩህ።» ትከሻውን ለካች። ከአንገቱ እስከ እግሩ ለካች። ቁጥሩን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች።

ረጅሙ ለመሳቅ ሞከረ። «ምን ልትሰፊልኝ ነው?»

«ከፈን። ረጅም ነህ፣ ብዙ ጨርቅ ትፈጃለህ። እናትህ ያን ቀን መለካት አትችልም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ አሁን ልጨርስላት። ቀጣይ ማነው?»

ማንም ወደ ሜትሩ አልተጠጋም። ከአልጋው ላይ ወንድሟ ቀስ ብሎ፣ «ያንን ልጅ ያዳንኩት እናንተ ሌላ እንድትጨምሩ አይደለም» አለ። «ልትረዱኝ ከሆነ ኪዮስኩን ክፈቱልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ በእጃችሁ ሥሩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጅሙ ኪዮስኩ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል፤ ወንድሟ ከጎኑ ቆሞ «ግራውን ብሎን፣ ቀስ፣ ብሎኑ ሞኝ አይደለም፣ አንተ ነህ ሞኙ» እያለ ያሠራዋል። በማዞሪያው ጠብ ሳይነሳ ሳምንቱ አለፈ። ይህን ኮሚቴው በሪፖርቱ ውስጥ አስገብቶታል፤ የቲሸርቱ ውጤት ብሎ።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ስብሰባው አልተካሄደም። የሰላም ዋንጫ የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር፤ ሰብሳቢው መክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ። በሃያኛው ቀን ጠዋት መርፌ ትዕግሥቷ አለቀ፤ ፌስታሏን ሞልታ፣ ያለ ደብዳቤ እንሂድ አለች። ወንድሟ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።

«አንዴ ከፋይ ከተባልን አይፋቅም ብለዋል። ማሽንሽን ልትሸጪ ነው? እኔ እጅ አጥቼ አንቺ ደግሞ ማሽን? ሐሙስ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ከሦስት ሳምንቱ ቢያልፍ ሁለት ቀን ነው፤ እንጠብቅ።»

ፌስታሉን አስቀመጠችው። ያን ከሰዓት በኋላ ግን ቲማቲም ሻጯ ጋ ሄደች። የተረፈው ልጅ እናት ናት። ልጇን አክስቱ ቤት ደብቃዋለች።

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ» አለች ሴትዮዋ፣ ቲማቲሙን ከትልቅ ወደ ትንሽ እየደረደረች። «ልጄን ምስክር አታድርጊብኝ። ዛሬ ተናገረ፣ ነገ እሱ ይወጋል። ያኔ ማን ይደርስልኛል? ያ ኮሚቴ?»

«እሱስ አይደርስልሽም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም። ግን ልጅሽ አክስቱ ጋ የተደበቀው ሆዱ ስላልተቀደደ ነው። ያልተቀደደውም በወንድሜ እጅ ነው። ሰፈሩ አሁን ያንን እጅ ወንጀለኛ ነው ለማለት ምንም አልቀረውም። ይህን ብቻ እወቂልኝ፤ ከዚያ እንዳሻሽ።»

ሴትዮዋ አንድ ቲማቲም ለብቻው በእጇ ይዛ ቀረች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ኮሚቴው በር ላይ ቀድማ የተገኘችው ግን ቲማቲም ሻጯ ናት፤ ልጇን በክንዱ ይዛ። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጫማው ላይ እያየ ተናገረ። «ካቻቢቴ ነበር የያዘው። እሱንም መሬት ጥሎት ነው ቢላውን የያዘው። እኔ... እኔ ሮጥኩ።» እናቱ ከኋላው፣ «ጻፉት። ስሜንም ጻፉት። የሚፈልገኝ ካለ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ነኝ» አለች።

አራቱ አባላት ተስማሙ። ደብዳቤው ተጻፈ። ማኅተሙ ግን ሰብሳቢው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሰብሳቢው ደግሞ «የተጎጂዎች አያያዝ» የሚል ሥልጠና ላይ ሌላ ከተማ ናቸው። ቁልፉ አብሯቸው ሄዷል። መርፌ መሳቢያውን በመቀሷ ልትፈለቅቀው ተነሳች፤ ጸሐፊው መሐል ገባና «የመንግሥት ንብረት ነው» አላት። ንብረት ሲሆን ማጣራት አላስፈለገም።

ማኅተሙ የተመታው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ነው። ሰብሳቢው በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት። «አየሽ፣ እውነት ትዘገያለች እንጂ አትቀርም።»

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «እጅ ግን ይቀራል።»

በሠላሳኛው ቀን ጠዋት ትልቁ ሆስፒታል ደረሱ። የእጅ ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። የወንድሟን ጣቶች አንድ በአንድ በቀጭን መርፌ ነካች።

«ይሰማሃል?»

ጣሪያውን እያየ «አይ» አለ።

«ይሄስ?»

«አይ።»

«አውራ ጣትህን ከትንሿ ጋር አገናኝልኝ።» አውራ ጣቱ መንገድ ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ቆመ። መርፌ ሌላ ሰው ሲሰፋ ስፌቱ ሲበላሽ እንደሚሰማት፣ እጆቿ ራሳቸው ሊያግዙት ተነሱ፤ ይዛ መለሰቻቸው።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ዘግይታችኋል። የተቆረጠው ነርቭ ጫፎቹ ተራርቀው ጠባሳ ሠርተዋል። ከፍቼ የምችለውን አደርጋለሁ፤ ጽዋ ትይዝበታለህ። ብሎን የምታነሳበት ጣት ግን ቃል አልገባልህም። በሁለተኛው ሳምንት ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርህ።»

ወንድሟ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። መርፌ አንድ ወር ሙሉ የታገለችለትን ወረቀት፣ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል ያመጣችውን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

ሐኪሟ ማኅተሙን አየች፤ ገለበጠችው፤ ደግማ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የተጎጂነት ደብዳቤ ነው። በነፃ እንዲታከም።»

«ማን ነው ይህን አምጡ ያላችሁ?»

«ያለ እሱ አትነኩንም ተባልን።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «በስለት የተጎዳ ሰው እዚህ ቤት ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ክፍያ ነው የሚገባው» አለች። «ደንቡ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው።»