የሐብሐቡ ሌላው ግማሽ

ሀጅራ የባቲ ልጅ ናት። ባቲ ቆላ ነው፤ ሐብሐብ ሲደርስ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ሆዱን እንደ ከበሮ ነፍቶ የሚውልበት አገር። እናቷ ሐብሐብ ስትመርጥ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባ በስሏል፤ ድምፁ ከታፈነ ትተወዋለች። መሬት ላይ የተኛበትን ጎኑንም ገልብጣ ታያለች፤ ቢጫ ካላለ ጥሬ ነው። ያማረላትን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ነፋስ በሚመታው ጥላ ሥር ታሳድረውና፣ ሲቆረጥ ጨው ነስነስ፣ ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች። ነጩን ቅርፊት በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ትሠራዋለች። ፍሬውን ደግሞ በጨው ውኃ ዘፍዝፋ፣ አድርቃ ትቆላዋለች። “የሐብሐብ ትርፉ አረንጓዴው ልጣጭ ብቻ ነው፤ እሱንም አህያ ይበላዋል” ትል ነበር፣ አላህ ይማራትና።

ሀጅራ ይህን ሙያ ይዛ ነው ተድራ መርካቶ የገባችው። ባሏ አብዱልሰላም የአቡጀዲ ነጋዴ፣ የወረኢሉ ደጋ ሰው ነው። ሐብሐብን ከነአበላሉ ያስተዋወቀችው እሷ ናት። ሰውየው ፍቅር ያዘው፤ ከአዋሽ በባቡር መምጣቱን በሰማ ቁጥር አንድ ድብልብል ያለ ሐብሐብ ታቅፎ ቤቱ ይገባል። ልጃቸው ራህማ ተድራ ደሴ ከወረደች በኋላም ይህን ልማዱን አልተወም።

ዘንድሮ ግን ግማሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማምጣት ጀመረ። “ለሁለት ሰው ሙሉው ምን ያደርጋል? ዱባለ በግማሽም ይሸጣል” አላት። እሷም “እውነትዎን ነው” ብላ ተቀበለችው።

አንድ ቀን በርበሬ ልትገዛ ወደ በርበሬ በረንዳ ስትሄድ በፍራፍሬ ነጋዴው በዱባለ በኩል አለፈች።

“እትዬ ሀጅራ! ምነው ጠፉ? ጋሼ ብቻ ናቸው የሚመጡት” አላት።

“በግማሽ መሸጥ መጀመርህ ለእኛ ጥሩ ሆነልን።”

ዱባለ ሳቀ። “በግማሽ? ቆርጬ ዝንብ ላስበላው? ጋሼ የሚወስዱት ሙሉውን ነው እንጂ! እኔው ነኝ ለሁለት የምሰነጥቅላቸው፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለጭድ ተራዋ…” ምላሱን ነከሰ።

“ለጭድ ተራዋ ማን?”

“እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ…”

“ዱባለ! ሚስት አለህ፣ እህት አለህ። አትዋሸኝ።”

ሰውየው አንገቱን ደፋ። “ከጭድ መሸጫው ጀርባ ነው። ሰማያዊ በር አለው።”

በርበሬው ቀረ። ሀጅራ ደሟ ፈልቶ ወደ ጭድ ተራ ገሠገሠች። ጭድ የተቆለለባት አህያ ልትገፈትራት ስትደርስ ነጂው “ዞር በሉ እማማ!” ብሎ ጮኸባት፤ አልሰማችውም። በሩን ስታንኳኳ አፏ ላይ የተሰናዳው ስድብ አንድ መንደር ያነድ ነበር።

የከፈተችላት ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ናት። “ማንን ፈልገው ነው፣ እትዬ?” አለች በትሕትና።

ሀጅራ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ደጃፉ ላይ በተቀመጠ ሰፌድ ላይ አረፈ። ጨው ነጭ ያደረገው የሐብሐብ ፍሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የሐብሐብ ፍሬ ነዋ! ሲቆላ እንዴት እንደሚጥም! ነጩንም ወጥ ሠርቼዋለሁ፤ ይግቡና ይቅመሱ።”

“ማን አስተማረሽ?”

“ባለቤቴ። የእናታቸው ሙያ ነው። ሟች እናታቸው ሐብሐብ ሲያበሉ ጨውና ሎሚ ያደርጉበት ነበር አሉ።”

የአብዱልሰላም እናት ሐብሐብ የሚባል ነገር ሳያዩ ነው ወረኢሉ ላይ የተቀበሩት። ሌላ ሴት መኖሯን መንገዱን ሙሉ ስታስበው መጥታለች። ይሄኛውን ግን አላሰበችውም።

“እኔ ሀጅራ ነኝ” አለች። “የአብዱልሰላም ሚስት።”

ወጣቷ ሆዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። “‘ፈትቻታለሁ፣ አገሯ ገብታለች’ ብለውኝ ነበር እኮ! ወላሂ፣ እትዬ! እኔን ሱሀይርን አላህ ያድርቀኝ፣ ካወቅሁ!”

ሀጅራ በቀጥታ ወደ ባሏ ሱቅ አመራች።

አብዱልሰላም ሱቁ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆሞ ለገበያተኞች አቡጀዲ ይለካል። ሀጅራ ተድራ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ “እርስዎ” እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም።

“አንተ!” አለችው።

ክንዱ ላይ የተዘረጋው አቡጀዲ መሬት ወደቀ። “ሀጅራ፣ ምን ነካሽ? ሰው ፊት…”

“ሰው ፊት ልልህ ነው የመጣሁት! ጭድ ተራ ደርሼ መምጣቴ ነው።”

ፊቱ አመድ መሰለ። “ሃይማኖታችን እኮ ይፈቅዳል…”

“መፍቀዱን አንተ አትነግረኝም! ውሸቱንስ ይፈቅዳል? ቤትህ ያለሁትን ሴት ‘ፈትቻታለሁ’ ማለትን ይፈቅዳል? ማግባትህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እሺ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እናቴ ምን አደረገችህ? ከእሷ የቀረኝ ያ ሙያ ነው። እሱን ከእጄ ወስደህ በእናትህ ስም ለሌላ ሴት አበላህ!”

ከጎን ሱቅ ሽማግሌው ሸህ በሽር ወጡ። “ተይ፣ ልጄ…” አሉ።

“እርስዎ አባቴ ነዎት፤ ዛሬ ግን ‘ተይ’ አይበሉኝ።”

ሽማግሌው ወደ አብዱልሰላም ዞሩ። “እውነቷን ነው?” ሰውየው አቡጀዲውን ከመሬት ይለቅም ጀመር። “እንግዲያው ሱቁን ዝጋ” አሉት።

ሦስቱም ሰማያዊው በር ድረስ ሄዱ። አብዱልሰላም ሱሀይር ፊት ቆሞ፣ “ሀጅራን አልፈታኋትም። የሐብሐቡም ሙያ የእናቷ ነው” አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

“ጮክ በል!” አለች ሀጅራ።

ጮክ ብሎ ደገመው። ሱሀይር ሰፌዱን አነሣችና ፍሬውን በሙሉ እግሩ ሥር ደፋችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ሴቶች በራቸውን ስለዘጉበት የአብዱልሰላም ማደሪያ ሱቁ ሆነ። ሊያስታርቅ ሽማግሌ ተመላለሰ። ሀጅራ በአክብሮት ታስተናግዳለች፣ እስኪጨርሱ ታዳምጣለች፣ “አይሆንም” ብላ ትሸኛለች። ራህማ ከደሴ መጥታ ለመነች፤ እሷንም “አይሆንም” አለቻት።

ሱሀይር ሴት ልጅ ስትወልድ ግን ሀጅራ ቅቤ ይዛ ሄደች። ሕፃኗን ታቅፋ ብዙ ተቀመጠች። አብዱልሰላም ልጁን ሊያይ በበሩ ብቅ ሲል ልጅቷን ለእናቷ መልሳ ነጠላዋን አነሣች፤ ሰላምታውንም አልተቀበለችም።

“ትንሽ ቢቆዩ፣ እትዬ” አለች ሱሀይር።

“ከአንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ነገም እመጣለሁ” አለቻት። “እሱ ወደ ሱቁ ሲመለስ ሰው ላኪብኝ።”