ክታብ የተባለው ኮንደንሰር

ከመሬት በሬዲዮ የምትታዘዘው ትንሿ አውሮፕላን ከባሕር ዛፎቹ በላይ አንድ ጊዜ ዞረች፤ ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈችና በአፍንጫዋ መሬት ላይ ተተከለች። የሬዲዮ ጠጋኙ ባምላኩ ከማንም ቀድሞ ደረሰ። ሆዷን ከፍቶ ሲያይ ከሬዲዮ ተቀባዩ ጎን ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

"ኮንደንሰሩ የት ሄደ?" አለ።

ያለው የተባለው ወጣት የማዘዣውን ሳጥን እንደያዘ ቆሟል። የፊታውራሪ ኃይለ ሚካኤል የወንድም ልጅ ነው፤ አውሮፕላኗን ከአስመራ ያመጣት እሱ ነው። ነገ በዘውዱ በዓል በደብረ ማርቆስ ሕዝብ ፊት ሊያበርራት ነበር። አሁን ጫማውን ያያል።

ባለፈው ሳምንት "ጋሼ፣ መሪዋን ባዞርሁ ቁጥር ትደነብራለች" ብሎ ወደ ባምላኩ ሱቅ የመጣው ራሱ ነበር። ባምላኩ ነገሩን አገኘው። መሪውን የሚያዞረው ሞተር በተነሣ ቁጥር የባትሪውን ጉልበት ይሻማል፤ ተቀባዩ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ይራብና የተላከለትን ትእዛዝ ይስታል። ኮንደንሰር ግን ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይይዝና በዚያች ቅጽበት ይለቅለታል። ከአሮጌ ሬዲዮ አንድ ፈትቶ ቀጠለበት፤ ንዝረት እንዳይሰብረው በቁራጭ ቆዳ ጠቅልሎ በክር አሰረው። ሲያስር ክሩን የያዘለት ያለው ነበር።

"የምትፈልገው ይኸን ነው?"

የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው። በመሐረብ ጫፍ የያዙትን የቆዳ ጥቅል ከሩቅ አሳዩት።

"የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ጠይብ የቋጠረው ክታብ በቤቴ ስም አይበርም።"

"እመቤቴ፣ ክታብ አይደለም። የሬዲዮ ዕቃ ነው።"

"ቆዳ ለብሶ፣ በክር ታስሮ? ክታብ አይተሽ አታውቂም ልትለኝ ነው?"

"ይፍቱት፣ ያዩታል።"

"እኔ ልፍታው? እጄ እንዲደርቅ?"

ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ልጇ ፊት ላይ ጣለች፤ ባምላኩ እንዳያየው። ባምላኩ ይህን አየ። አባቱ አምበር በምትባል የገጠር ቀበሌ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ልጃቸውን ወደ ከተማ የላኩት ጠይብ፣ ቡዳ የሚለው ስም እንዳይከተለው ብለው ነው።

"ያለው፣ ንገራቸው እንጂ። ስናስረው አብረኸኝ ነበርህ።"

ያለው ከሚስታቸው ጎን የቆሙትን አጎቱን ፊታውራሪን አየ። "እኔ ውስጡን አላየሁም" አለ።

ባምላኩ የሴትዮዋን አለማወቅ ይችለዋል፤ ያወቀ ሰው ሲክድ ግን ደሙ ፈላ።

ፊታውራሪ ክንዱን ይዘው ራቅ አደረጉት።

"ስማ። ዕቃ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ሚስቴን ግን በሰው ፊት አላሳፍራትም። 'ክታብ ነው፣ ለበጎ ብዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ' በል። ይቅር እልሃለሁ። ማታውን ትጠግናታለህ፣ ነገ ትበርራለች።"

"ከዚያስ ጌታዬ? ከነገ ወዲያ ማን ልጁን ይዞ በደጄ ያልፋል?"

"ሰው ይረሳል።"

"አባቴ እስኪሞቱ ጠበቁ፤ የረሳላቸው የለም።"

"ሱቅህ በማን ቤት እንደሆነ አንተ አትርሳ እንጂ።"

ባምላኩ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወደ ሰዉ ተመለሰ። ሁሉም ይቅርታውን ጠበቀ።

"የሬዲዮ ዕቃ ነው" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እኔ ዘንድ ሬዲዮ ያላችሁ ዛሬውኑ መጥታችሁ ውሰዱ። ከነገ ጀምሮ ሱቁ የእኔ አይደለም።"

 ልጇን የሸፈነችው ሴት፣ "የእኔስ ሬዲዮ ተሠርቷል?" አለች።

"ተሠርቷል። ነይ" አላትና ሊከፍትላት ቀድሟት ሄደ።