እውነት የገባበት ሶፋ ቤት

ባለቤቱ «ኩባንያችን» ይለዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ሶፋ ቤቱ» ነው የሚለው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጥገናውና በፎቶ ቤቱ መካከል ያለ ረጅም ግቢ ነው። ከፊት የመስታወት ማሳያ ክፍል፣ ከኋላ ቆርቆሮ የለበሰ መሥሪያ ቦታ አለው። ሲገቡ የማስቲሽ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ሲወጡ የስፖንጅ ብናኝ ልብስ ላይ ተጣብቆ እስከ ቤት ይሸኛል። ሠራተኞቹ አሥራ አራት ናቸው። ሁሉም ባለቤቱን «ጋሼ» ይሉት ነበር፤ እሱም ተስማምቶት ይኖር ነበር፣ ስልጠናው እስኪመጣ ድረስ።

ስልጠናው ለክርስቲያን ነጋዴዎች የተዘጋጀ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ ቅዱስ ቃሉ ለንግድ አመራር እንዴት እንደሚውል ተማረና፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀትና የክንድ ውፍረት ያለው ሰማያዊ ክላሰር ታቅፎ ቤቱ ገባ።

«ለካ እስከ ዛሬ ስነግድ ነው እንጂ ስመራ አልነበረም!» አላት ሚስቱን፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«እሺ፤ እራት ይቅረብ ወይስ መጀመሪያ ትመራናለህ?» አለችው።

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰበሰበና የመጀመሪያውን መርህ አወጀ። መሪ ማለት አገልጋይ ነው፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ጋሼ» የሚባል ነገር የለም፣ «አገልጋይ» በሉኝ አለ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘበኛው ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብሎ ወዲያው ሥራ ላይ አዋለው። መኪናው በሩ ላይ ስትደርስ «ተነሱ! አገልጋዩ መጡ!» እያለ ግቢውን ያሸብራል። «የአገልጋዩን መኪና ያላጠበ ማነው?»፣ «ዝም በሉ፣ አገልጋዩ ተቆጥተዋል» የሚሉ ንግግሮች በሶፋ ቤቱ ተለመዱ። በሳምንቱ፣ ጥላ ባለበት ብቸኛው የመኪና ማቆሚያ ላይ «ለአገልጋይ ብቻ» የሚል ታፔላ ቆመ። ባለቤቱ ታፔላውን ባየው ቁጥር በገዛ ትሕትናው ደስ ይለው ነበር።

ሁለተኛው መርህ ከሙሴ አማት የተገኘ ነው። አማትየው ሙሴን «ብቻህን አትድከም፤ የሺ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም» ብሎ መክሮታል። ባለቤቱ ክላሰሩን ዘርግቶ ለመሾም ተቀመጠ፤ ነገር ግን የሰው እጥረት አጋጠመው። የሺውንና የመቶውን ትቶ፣ ሃምሳውን ወደ አምስት፣ አሥሩን ወደ ሁለት ዝቅ አደረገ። አመሻሹ ላይ ሹመቱ ሲነበብ ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች አሥራ ሦስቱ አለቃ ሆነው ተገኙ። ያለ ሹመት የቀረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። አሥራ ሦስቱም አለቆች ከማግስቱ ጀምሮ በየተራ እየመጡ እሷን መምራት ያዙ። አንዱ ከጓዳው ጀምሪ ይላታል፣ ሌላው ከበሩ፣ ሦስተኛው መጥረጊያውን በግራ እጅሽ ያዢ። በአራተኛው ቀን ባለቤቱ ቢሮ ገብታ፣

«ጋሼ አገልጋይ፣ ለኔም የምመራው አንድ ነገር ስጠኝ። ሰው ባይሆንም ግድ የለኝም» አለች።

አሰበ፣ አሰበና የግቢውን ድመት ሰጣት። ከዚያ ወዲያ በአመራር ጉዳይ ቅሬታ አልተሰማም።

ጉድ የመጣው በሦስተኛው መርህ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት ባለው ጸሎት ላይ፣ ባለቤቱ ክላሰሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። አዎ ያላችሁት አዎ ይሁን፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን፤ ከዚህ ያለፈ ሁሉ ከክፉው ነው አለ። ክላሰሩ እዚህ ቦታ ላይ መሪው ስሜቱን ማሳየት እንዳለበት ያዛል፤ እሱም አሳየ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በልቡ ያሰበው ግን አርፋጆቹን ነበር። ሁልጊዜ የሚያረፍደው የሶፋ ልብስ ሰፊ «መንገድ ተዘግቶ ነው» እያለ የሚያደርቀው ሰበብ ዛሬ እንዲያበቃለት ነው። እውነትም በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሰዓት አልፎት ሲመጣ፣ «ተኝቼ ነው። ብርድ ልብሱ ሞቆኝ» አለ። ባለቤቱ ክንፍ አወጣ። መርሁ ይሠራል!

ደስታው እስከ ረፋድ ቆየ። ረፋድ ላይ ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስልክ የምትመልሰው፣ ደንበኛ የምታስተናግደውና ደብዳቤ የምትጽፈው የሚስቱ የአክስት ልጅ ናት፤ ስልከኛዋ ይሏታል። ድምጿ ለስላሳ፣ አነጋገሯ ቁጥብ የሆነች ልጅ ናት። ባለቤቱ በሩ ገርበብ ባለው ቢሮው ተቀምጦ እየሰማት ነው።

«አቤት… አዎ፣ አለ። የለም በዪ ብሎኝ ነበር፣ ግን አለ… ሶፋዎት? አይ፣ አልተጀመረም… አዎ፣ ሐሙስ ይደርሳል ተብለው ነበር… ልክ ነዎት፣ ያለፈው ሐሙስም፣ ከዚያ በፊቱም… አዎ እትዬ፣ ሦስቱም ሐሙስ ውሸት ነበር። ደህና ይዋሉ።»

ባለቤቱ በሩን በርግዶ ወጣ። «ምን አደረግሽ?»

«ስልክ አነሳሁ።»

«ሴትዮዋን ምን አልሻት?»

«ሰኞ ያልከንን።»

«እሱ እኮ መርህ ነው!»

«እኮ!» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «አልቅሰህ አይደል እንዴ የነገርከን?»

ባለቤቱ ክላሰሩን አገላብጦ መውጫ ሲፈልግ ቆየና፣ «ጥበብ የሚባል ነገርም አለ። እንደ እባብ ብልሆች ሁኑ ይላል» አላት።

«እንደ ርግብ የዋሆች ሁኑም ይላል። ለስልኩ የትኛዋን ልመድብለት፣ ጋሼ?»

ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ «የአክስትሽ ልጅ ልትገለኝ ነው!» ብሎ ስሞታ ቢያቀርብ፣ ሚስቱ «ያስተማርካት አንተ፣ የምትሰደበው አክስቴ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በዚያው ሳምንት ግን ትልቅ ነገር መጣ። እሱ የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን አዲስ አዳራሽ እየጨረሰ ነበርና፣ ለአዳራሹ ሦስት መቶ ወንበር ለማሠራት ሁለት የኮሚቴ አባላት ሶፋ ቤቱን ሊያዩ መጡ። አንደኛው የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰውን እንዳያስደነግጡ የሚፈሩ የሚመስሉ፣ ድምፃቸው እንደ ቅባት የሚለሰልስ ሰውዬ። ሁለተኛዋ ትልቅ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም የሚሉ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ባለቤቱ አስቀድሞ ዘዴ አበጅቶ ስልከኛዋን ክር ግዢ ብሎ ገበያ ልኳታል። የረሳው አናጺውን ነው።

አናጺው «ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ» ማለት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው ስሙ ጡረታ ሆኖ ቀርቷል። ሰብሳቢው ለናሙና የቀረበውን ወንበር አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ እንጨት ሲልግ ወደነበረው ወደ እሱ ዞረው «አባቴ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉት።

ጡረታ ወንበሩን ሳይሆን ባለቤቱን አየና፣ «ቺፑድ ነው። ላዩ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት ተለጥፎበታል። ውሃ ከነካው እንደ ሊጥ ያብጣል» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ «አዎ አዎ ይሁን ተብለናል» ሲል ጨመረ።

መቼም ሦስት መቶ ወንበር እንዲህ በአንድ አፍ ሲበላ ማየት ቀላል አይደለም። ሰብሳቢው ግን ፈገግ አሉ።

«እናውቃለን፣ ወንድሜ። ዋጋህን ስናይ ነው የገባን። ለኛም የሚስማማን እሱ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለች። ለምእመኑ ‘ጠንካራ እንጨት ነው የምናሠራው’ ብለን ከመድረክ ተናግረናል። ስለዚህ ‘ወንበሮቹ ከጠንካራ እንጨት የተሠሩ ናቸው’ የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጻፍልን። ለምረቃው ይነበባል።»

ለባለቤቱ በሩን የከፈተው እግዚአብሔር ራሱ መሰለው። በዚያች ደቂቃ ስልከኛዋ ክሯን ይዛ ገባች፤ እሷም ከላይ የተላከች ይመስል «ነይ፣ አንድ ደብዳቤ ጻፊ» ብሎ ቃሉን ነገራት። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ፊደሎቹን አንኳኳች፣ ወረቀቱ ታተመ። ባለቤቱ አነበበው። «ወንበሮቹ ከቺፑድ የተሠሩ ሲሆን፣ ውሃ እንዳይነካቸው እናሳስባለን» ይላል።

«አስተካክዪው» አላት በጥርሱ መሃል።

«አይደለም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት።

ባለቤቱ ራሱ በቦታዋ ተቀመጠ። በሕይወቱ በኮምፒውተር ጽፎ አያውቅም። በሌባ ጣቱ ፊደል ሲለቅም፣ «ወንበሮቹ» ለማለት ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ፈጀ። ሰብሳቢው ጊዜው እንዳይባክን አስበው ይሆናል፣ «እስቲ እስከዚያ በጸሎት እንያዘው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ በዚህ በሐሰት ዘመን እንዲህ ያለ እውነተኛ ወንድም ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። እጁን ባርክ። የሚጽፈውን ባርክ…»

የባለቤቱ ጣት «ጠንካ» ላይ ደርሶ «ራ»ን እየፈለገ ነበር። ቀና አለ። ስልከኛዋ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጡረታም አልጨፈነም። ሴትዮዋም ቦርሳቸውን እንደታቀፉ አፍጠው ያዩታል። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልፈረደም፤ እንዲሁ ያዩታል፣ ሰው አውቶቡስ ይመጣ እንደሆን መንገዱን እንደሚያይ። «ራ» የት እንዳለች ካገኛት በኋላ እንኳ ጣቱ አልወርድ አለ።

«አሜን» ሲባል ተነሳ።

«ቺፑድ ከሆነ ቺፑድ ብዬ እጽፋለሁ» አለ፣ ድምፁ የራሱ አልመስለው ብሎት። «እንጨት ይሁን ካላችሁ በእንጨት እሠራለሁ። ለምረቃው ግን አይደርስም፤ ዋጋውም ይለያል።»

ሰብሳቢው ፈገግታቸውን ቀስ አድርገው አጠፉ። «እንጸልይበታለን» ብለው እጁን ጨበጡት። በዚያ ማኅበር «እንጸልይበታለን» ማለት ደህና ሁን፣ አንገናኝም ማለት እንደሆነ ባለቤቱም ያውቃል፤ ራሱ ስንት ሥራ ፈላጊ በዚሁ ቃል ሸኝቷል።

ከዚያ በረከቱን መጠበቅ ጀመረ። ክላሰሩ ውስጥ እውነተኛ ነጋዴ ሰባት እጥፍ እንደሚባረክ፣ ሽቅብ ከሚወጣ ቀስት ጋር በሥዕል ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ገብቶ ፎቶ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ አላስችል ብሎት አሰልጣኙ ዘንድ ደወለ። ጸሐፊዋ «የሉም» አለችው፤ ከጀርባዋ የአሰልጣኙ ወፍራም ድምፅ «ስብሰባ ገብቷል በዪው» ሲል ግን ጥርት ብሎ ተሰማው። ባለቤቱ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠ። ከክላሰሩ ላይ ሥዕሉን ገንጥሎ ሊቀድ ፈለገና፣ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ለጡረታ መለኪያ መሥሪያ ሰጠው።

አዳራሹ ሲመረቅ ከሚስቱ ጋር ሄደ። ወንበሮቹን የሠራው ከማዶ ሰፈር ያለው ሌላ ሶፋ ቤት ነው። የዚያ ሶፋ ቤት ደብዳቤ ከመድረክ ተነበበ፤ «ከጠንካራ እንጨት» ሲባል ምእመኑ አጨበጨበ። ባለቤቱ እጁን ወንበሩ ሥር ሰዶ በጣቱ ቢያንኳኳው፣ እንደ ባዶ ካርቶን «ዱም ዱም» አለው።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው ሚስቱ።

ያኛው ባለሶፋ ቤት ስለ ታማኝነቱ ተጠርቶ ሽልማት ሲቀበል፣ ባለቤቱም እንደ ሰው አጨበጨበ። እቤት ሲደርሱ ሚስቱ፣ «ዛሬ ጥሩ ሰው አብሮኝ የተቀመጠ መሰለኝ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ እነዚያ ዝምተኛ ሴትዮ ቦርሳቸውን ይዘው ለብቻቸው መጡ። ማሳያ ክፍሉን በዓይናቸው አንዴ ዞሩትና ተቀመጡ።

«የምግብ ጠረጴዛና ስምንት ወንበር እፈልጋለሁ» አሉ።

«በደስታ፣ እማማ። በምን ይሠራ?»

«በእንጨት ነዋ! በደህና እንጨት። ለቤቴ እኮ ነው፤ ልጆቼ የሚቀመጡበት።»

ባለቤቱ የአዳራሹ ወንበሮች ትዝ አሉት፤ አፉ ድረስ የመጣውን ዋጠው። «እንጨት ለመሆኑ በምን ያምኑኛል?» አለ ብቻ።

ሴትዮዋ አገጫቸውን ወደ ስልከኛዋ ቀሰሩ። «አንተንማ ምን አውቄህ! እሷን እጠይቃታለሁ።»

ስልከኛዋ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ሴትዮዋ የሚፈልጉትን ልክ አስመዝግበው፣ ሐሙስ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቱና ጡረታ ተያዩ። «አይደርስም» አሉ በአንድ አፍ። ሴትዮዋም ሁለት ወር እንደሚፈጅ ተነግሯቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱና ጡረታ እንጨት ተራ ወረዱ። ባለቤቱ እንጨት ከገዛ አሥር ዓመት ያልፈዋል፤ ቺፑድ በስልክ ታዝዞ በመኪና ነው የሚመጣው። በተደረደሩት ጣውላዎች መካከል ቆሞ ሁሉም አንድ መሰሉት። አንዱን መዘዘና በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው፤ ያሰበውን ያህል ቀላል አልነበረም። ጠረኑ ደስ የሚል፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ ነው።

«ይሄ ይሆናል?» አለ።

ጡረታ በአንድ ዓይኑ የጣውላውን ርዝመት አነጣጥሮ አየ። «ጠሟል። ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። አስቀምጠው።»

ባለቤቱ አስቀመጠው። ባለሱቁ ከወዲያ እየሰማ እንደሆነ እያወቀ፣ ድምፁንም ሳይቀንስ፣

«ጋሼ፣ እስቲ አሳየኝ። ከየት ጀምሬ ነው የማየው?» አለ።

ጡረታ ሌላ ጣውላ ስቦ ጫፉን በትከሻው ደገፈና፣ የባለቤቱን አውራ ጣት ይዞ እንጨቱ ጅማት ላይ አስቀመጠው።