የሆላንዱ ደቀ መዝሙር

ናጋላክሽሚ የሆላንዳዊው የሄንድሪክ ፀጉር በላብ ርሶ እንደነበር ልብ ያለችው፣ ዶሳውን፣ ያን ስስ የሩዝ ቂጣ በልቶ፣ የልጇን ፓስፖርት ኪሱ ከትቶ ከወጣ በኋላ ነው። ልምምዴን ጨርሼ መጣሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ነው። በባሏ ትምህርት ቤት በዚህ ቀን ማንም ዮጋ አይሠራም፤ አንድ ወር የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሄንድሪክ ግን ማድራስ ከተማ፣ ከባሏ ጋር ከአንድ መምህር ሥር ከተማሩ ጓደኛቸው ዘንድ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ ባይ ነው። ልጇ ስሪዳራ አምስተርዳም ሄዶ እንዲያስተምር ሐሙስ ይዞት ሊሄድ ነው። ባሏ መምህር ቬንካቴሻ መርቀዋል። እሷ ግን ልጇ በማያውቀው አገር ታሞ፣ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ሲቃትት ነበር የሚታያት።

ሳሪዋን አጣፍታ ገበያው አጠገብ ወዳለው ማረፊያ ቤት ገሰገሰች። ሄንድሪክ በረንዳው ላይ ሸሚዙን ያጥባል።

"መምህርህ ጨረቃ በጠፋች ቀን ምን ያሠሯችሁ ነበር?"

"ከሁሉ የሚከብደውን፣ እማማ" አለ በተሰባበረ ቋንቋቸው፣ ሳያመነታ።

"እንግዲያው አላስተማሩህም። ፓስፖርቱን አምጣ።"

ፊቱ ቀላ። የተማረው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር። የማድራሱ መምህር ሲታመሙ ተማሪው ተበተነ፤ የቀረውን ፎቶግራፍ ካለው መጽሐፍ ቀዳ። አሁን አገሩ አርባ ሰዎች ከእሱ ይማራሉ፤ የሁለቱ ጉልበት ተጎድቷል። እውነቱን ብናገር ማን ልጁን ይሰጠኛል ብዬ ነው አለ። እሷ አላዘነችለትም። ፓስፖርቱን ተቀብላ በሳሪዋ ጫፍ ቋጠረችና ፊት ፊት እየሄደች ቤቷ ድረስ አመጣችው።

ሁሉንም በራሱ አፍ ካስነገረችው በኋላ ባሏ እንዲያባርሩት ጠብቃ ነበር። መጀመሪያ የተናገረው ግን ስሪዳራ ነው።

"እማ፣ እንዲህ ከሆነማ ለተማሪዎቹ ይበልጥ አስፈልጋቸዋለሁ ማለት ነው። ልሂድላቸው።"

"ጉልበታቸውን የሰበረው እሱ፣ ወጌሻው አንተ?"

መምህሩ ሳቅ አሉ፤ ከዚያ ወደ ሄንድሪክ ዞሩ።

"ሐሙስ የሚሄድ የለም። አሥራ አንዱን ቀን እርሳው። ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው ልምምድ፣ ከፀሐይ ሰላምታ ትጀምራለህ። ዓመት ሙሉ ከተማርክ ስለ ጉዞው እንነጋገራለን። እስከዚያ እዚሁ ታድራለህ።"

ናጋላክሽሚ ክው አለች። ልጇን አስጣልኩ ስትል ውሸታሙ እቤቷ ገባ። ማታ ላይ በፊት ለፊቱ ክፍል ምንጣፉን ሲያነጥፍ፣ የናስ ኩባያዎቿን አንድ በአንድ ወደ ማድቤት አመላለሰች። ልብሶቹን ሲያጥፍ አየችው፤ አስተጣጠፉም ደስ አላላትም።

"እማ" አለ ስሪዳራ ቀስ ብሎ፣ "ይህን ያህል ከፈራሽው ለምን አባቴን እምቢ አላልሻቸውም?"

"ደጅ ሆኖ ከሚጠራህ፣ እዚህ ዓይኔ ሥር ቢያንኮራፋ ይሻለኛል" አለችና የውጪውን በር ቁልፍ ሁለቴ አዞረችው።